ከኋላ የተቆጠረው ሞተር

ሩበን ኦሮስኮ ማክሰኞ ጠዋት ሲደውልላት የጠየቃት ስለ ቀለም ብቻ ነበር።

«ዶኛ ማቪስ፣ አባትዎ የተቃጠለ ዲናሞ ሲጠግኑ ሽቦው ላይ የሚቀቡት ቀይ ቫርኒሽ ነበር አይደል? ደም የመሰለ?»

«ነበር። ምነው?»

«አንድ ሞተር ሆድ ውስጥ አገኘሁት። ብቅ ብለው ቢያዩልኝ? ዶናት ገዝቼ እጠብቅዎታለሁ።»

ማቪስ ክራውደር ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ደረጃ ሲያይ ይለግማል እንጂ አፏና ዓይኗ እንደ ጥንቱ ናቸው፤ ዶናት ካለ ደግሞ ጉልበቷም ልግሙን ይተዋል። ፒካፗን አስነስታ ሁለት መንገድ ተሻግራ ወደ ሩበን ቶርኖ ቤት ሄደች። ኦይልዴል የነዳጅ ፓምፖች ቀን ከሌት አናታቸውን የሚነቀንቁበት ሰፈር ነው። እዚያ ሞተር አውቃለሁ የሚል ሞልቷል፤ ሞተር ሲያይ ባርኔጣውን የሚያወልቅ ግን ከሩበን ሌላ አታውቅም።

የሞተሩ ገላ፣ ብሎኩ፣ ተገልብጦ መቆሚያ ላይ ተሰቅሏል። ያመጣው የኢቼቬሪ የልጅ ልጅ ነው። አያቱ የአልሞንድ እርሻቸው ውስጥ ውሃ ሲስቡበት የኖሩትን ያረጀ ሞተር ለቁራጭ ብረት ሊሸጠው ነበር። ሩበን አረንጓዴ ቀለሙን አጥቦ ሲያወርድለት ከሥሩ ሌላ ነገር ብቅ አለ።

«ይሄ ውሃ ሊስብ የተወለደ አይደለም» አለ ሩበን፣ ባትሪውን ወደ ሞተሩ ሆድ እያበራ። «ይዩ፣ ዘይት የሚወርድበት መንገድ በእጅ ሰፍቷል። ሲቀልጥ የቀረው ሸካራ ሁሉ በትንሽ ሞረድ ተልጓል። ከዚያ ዘይቱ ቶሎ እንዲንሸራተት በላዩ ቫርኒሽ። ለአልሞንድ ዛፍ ማን እንዲህ ይደክማል? የሩጫ ሞተር ነው። ያውም የድሮ። ግን የማን?»

«ቁጥሩስ?»

«ቁጥሩ ያለበት ፊት ተልጎ ጠፍቷል። ሰው ሁሉ የተሰረቀ ነው ይለኛል። እኔ ግን የላዩን ፊት ሲያስተካክሉ አብሮ የሄደ ነው የሚመስለኝ።»

ማቪስ ጣቷን አስገብታ ቫርኒሹን ዳበሰችው። የአባቷ ነው፤ አልተጠራጠረችም። ይሁን እንጂ አባቷ ያንን ቫርኒሽ ለግማሽ አውራጃው ሸጧል።

«ጎኑ ላይ ደግሞ ተበስቶ በነሐስ የተበየደ ቀዳዳ አለ። የፒስተኑ ክንድ ተሰብሮ በስቶት የወጣ ነው። በቀኝ በኩል፣ ከፊት ሦስተኛው፤ በሞተሩ አቆጣጠር ስድስተኛው ሲሊንደር።»

ማቪስ ዶናቷን መንከስ አቆመች። መልሳ ግን ነከሰችው። ቀዳዳ ያለበት ሞተር በዚያ አገር እንደ አሸዋ ነው።

«የሚያስቀኝን ነገር ደግሞ ልንገርዎት» አለ ሩበን። «እነዚህን ኮፍያዎች ይዩልኝ።»

ኮፍያ የሚላቸው የሚሽከረከረውን ዋና ዘንግ፣ ክራንኩን፣ ከብሎኩ ጋር አቅፈው የሚይዙትን አምስት ድፍን ብረቶች ነው። ተፈተው ሲመለሱ እያንዳንዱ የራሱ ቦታ ላይ ካልገባ ክራንኩ አንቆ ይይዛል። ስለዚህ ሞተር ሠሪ ሁሉ በሹል ብረት ነጥብ እየመታ ይቆጥራቸዋል፤ የፊተኛው ላይ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ እያለ አምስት።

«ይሄን ሞተር የሠራው ሰውዬ እጁ ወርቅ ነው። መቁጠር ግን እናቱ አላስተማረችውም። ከኋላ ነው የጀመረው! የመጨረሻው ላይ አንድ ነጥብ፣ የፊተኛው ላይ አምስት። ሠላሳ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ጅል አይቼ አላውቅም።»

«ሩበን፣ ወንበር አምጣልኝ።»

«ምነው? አመመዎት? ሐኪም ልጥራ?»

«ሐኪም አላልኩህም፣ ወንበር ነው ያልኩህ። ያ ጅል እኔ ነኝ።»

ማቪስ ያደገችው በአባቷ የዲናሞ ጥገና ቤት ነው። እዚያ የዲናሞ ክፍል የሚቆጠረው ጉልበቱ ከሚወጣበት ጎን ነው፤ ዘንጉ ካለበት። የመኪና ሞተር ደግሞ ጉልበቱ የሚወጣው ከኋላ ነው። ስለዚህ የሃያ ሦስት ዓመቷ ሙሽራ ኮፍያዎቹን ስትመታ ያለ አንዳች ጥርጣሬ ከኋላ ጀመረች። ባሏ ሌስተር ሲያየው መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ሞርጄ ላጥፋው ብትለው ግን እምቢ አለ። «ተዪው፣ ፊርማሽ ነው» አላት።

ያ ሞተር በማግሥቱ ዓመት ሚያዝያ ላይ «ንቧ» የምትባለውን ቀጭን ቢጫ መኪናቸውን ተሸክሞ ፖሶ ሜዳ ላይ ቆመ። ፖሶ የጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቆሞ ሩብ ማይሏን በቀጥታ የሚተኮስባት መንገድ ሆነ። በመጨረሻው ሩጫ ከሌስተር ጎን የቆመው የልብ ጓደኛው ሃርላን ፒትስ ነበር፤ የነዳጅ ጉድጓድ ላይ አብረው የሚሠሩ፣ ምሳ ከአንድ ሳጥን የሚበሉ። ንቧ ስምንት ሴኮንድ ከሠላሳ አንድ ላይ ገባች። በሜዳው ያን ያህል የፈጠነ አልነበረም። መስመሩን እንዳለፈች ሞተሩ ጎኑን በስቶ ዘይቱን አፈሰሰ፣ ክራንኩም ለሁለት ተሰብሮ ወደቀ። ሌስተር ፊቱ ዘይት በዘይት ሆኖ እየሳቀ ወረደ።

ሃርላን ግን አልሳቀም። «ይሄ ሞተር ተሰፍቷል» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ሕጉ ቀላል ነበር። በእነሱ መደብ የሲሊንደሩ ወርድ አራት ኢንች ነው፤ ቢበዛ ኢንች ለሺህ ተከፍሎ በሠላሳው ያህል ማስፋት ይቻላል። ሰባት ስምንት ወረቀት ሲደራረብ ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ሌብነት ነው። ሃርላን ስልሳ ነው አለ። የተሰበረውን ክራንክ እዚያው ለካውና እንከን አጣበት፤ የቀረው ሲሊንደሩ ነው። ፖሶ ላይ ደግሞ አንድ ልማድ አለ፦ የከሰሰ ይለካል። ሌላ ሰው አይለካለትም። ከሳሹ ራሱ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሲሊንደሩን በገዛ መሐረቡ ጠርጎ፣ መለኪያውን አስገብቶ፣ ያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ከተሳሳተ ውርደቱን በራሱ አፍ ያውጃል። አላስለካም ያለ ግን ተፈርዶበታል።

ሌስተር አላስለካም አለ።

«ሃርላን፣ አንተ ነህ እኔን የምትፈትሸኝ?» ብሎ ብሎኩን ጭነት መኪናው ላይ ወርውሮ ሄደ። ኩራት የሚሉት በሽታ መድኃኒት የለውም። ማታ ባዶ እጁን ገባ። የት ጣልከው ብትለው «ከርን ወንዝ ውስጥ» አላት። የት እንደወሰደው ቢነግራት ሄዳ እንደምታመጣው ያውቃል። የየዓመቱ ፈጣን ሯጭ ከሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ ስሙ ተሰርዞ የዚያ ዓመት መስመር ለሃርላን ተሰጠ። ሁለቱ ጓደኛሞች ከዚያ በኋላ አንድ ሱቅ ውስጥ እንኳ ቢገናኙ አንዱ በሌላው በር ይወጣ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ቤከርስፊልድ ውስጥ ሽማግሌ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ማቪስ ብቻ የምታውቀው ሌላ ነገር አለ። የዚያ ሞተር ብሎን ሁሉ በእሷ እጅ አልፏል፤ ሲሊንደሮቹ ሲሰፉ ግን አልነበረችም። መጋቢት ላይ ልጃቸውን ሪቫን ለመውለድ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝታለች። ሌስተር ብሎኩን ፍሬዝኖ ወስዶ አስቆርጦ፣ ገጣጥሞ ጠበቃት። ያስቆረጠበት ሰውዬ በዓመቱ ሞተ። እና ዕቃውን ወንዝ የሚጥል ሰው ምን ሊደብቅ ይሆን? አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እራት ላይ «ስንት አስቆረጥከው?» ብላ ጠየቀችው። ሹካውን አስቀመጠ። «አንቺም?» አለና አሥራ አንድ ቀን አላናገራትም። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ሆድ ይፍጀው ብላ አርባ ሰባት ዓመት ይዛው ኖረች፤ አብራው እየበላች፣ አብራው እየሳቀች፣ በመጨረሻም እጁን ይዛ እያስታመመችው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሌስተር ሲቀበር ከኋላዋ የቆመ አንድ አሮጌ ሯጭ «ደግ ሰው ነበር፣ ያቺ ነገር ባትኖርበት» ሲል ሰማችው። ዞራ በቦርሳዋ ልትለው ነበር። ያላለችው እሷም እርግጠኛ ስላልነበረች ነው። ያ ነው ያቃጠላት።

«እንግዲህ ውሃ አልበላውም» አለች ማቪስ ወንበሩ ላይ ሆና። «ከቤቴ አሥራ ሁለት ማይል ርቆ አልሞንድ ሲያጠጣ ኖሯል። እኔ ደግሞ በየገናው ያንኑ አልሞንድ እየገዛሁ ኬክ እጋግርበታለሁ! ይሄ ሰውዬ በሕይወት ቢኖር ዛሬ እገድለው ነበር።»

ሩበን ሰዓት የመሰለውን መለኪያ ከመሳቢያው አወጣ። እጁ እየተጣደፈ ነው። «ዶኛ ማቪስ፣ ብረት ፀጉር አይደለም፤ የተቆረጠ ብረት ተመልሶ አይበቅልም። ሲሊንደር ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ዛሬ ሠላሳ ካገኘን ያኔ ከሠላሳ አይበልጥም ነበር ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? ሁለት ደቂቃ ነው።»

«ቢበልጥስ?»

ሩበን መለኪያውን በመዳፉ ላይ አገላበጠ።

«መለኪያህን መልሰው» አለች። «አንተ ብትለካው የሩበን ወሬ ነው፣ እኔ ብለካው የሚስቱ ወሬ ነው። ቅዳሜ የድሮ ሯጮች ቀን ነው፤ ፖሶ ላይ ሁሉም ይመጣል። የከሰሰ ይለካል።»

«ታዲያ ዛሬ ለብቻችን እንየውና ጥሩ ከሆነ እንወስደዋለን።»

እውነቱን ለመናገር ልቧ ሄዶ ነበር። መለኪያውን፣ ብሎኩን፣ በሩን ተራ በተራ አየች። አንድ ቁጥር ናት፤ አንዲት ቁጥር ሰምታ በሰላም ማደር ትችላለች።

«አይሆንም» አለች በመጨረሻ። «እሱ በሕይወት እያለ አንድ ጊዜ ኪሱን ፈትሼዋለሁ። ሞቶ ደግሞ ተደብቄ አልፈትሸውም። ከዋሸ አብሬው እዋረዳለሁ። ቅዳሜ በሁለት ሰዓት ጫንልኝ።»

ቅዳሜ ፖሶ ላይ ጥርት ያለ የጥቅምት ፀሐይ ወጥቷል። የአልሞንድ መከር አቧራ ገና አልረጋም። የከብት ሥጋ የሚጠበስበት እሳት ጭስ ናይትሮ ከሚሉት የሩጫ ነዳጅ ሽታ ጋር ተደባልቆ ዓይን ያቃጥላል። ሽማግሌዎቹ ያረጁ መኪናዎቻቸውን አሰልፈው ጥላ ሥር ተቀምጠው ይዋሻሉ፤ እያንዳንዱ ከአምናው ትንሽ ፈጥኖ የሮጠ ይመስላል። ሩበን ብሎኩን ከፒካፑ አውርዶ ከሰሌዳው ግንብ ሥር መቆሚያው ላይ ሲያስቀምጠው ጥቂቱ ቀና አለ። ማቪስ ከጎኑ ስትቆም ወሬው ሁሉ ቆመ።

የሜዳው ሰሌዳ ጠባቂ ሃርላን ፒትስ ነው። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ወገቡ ጎብጧል፣ ድምፁ ግን አልጎበጠም።

«ማቪስ። ምንድን ነው ያመጣሽው?»

«የንቧን ሞተር።»

ሰዉ ተንሾካሾከ። ሃርላን ብሎኩን ከሩቅ አየው። «ሌስተር ወንዝ ጣልኩት ብሎ ነበር።»

«ዋሽቶ ነው። ኢቼቬሪ ቤት ነው የጣለው።»

«በአንዱ ከዋሸ...» አለ አንድ ጢማም ከኋላ። ማቪስ ዞራ ስታየው ዓረፍተ ነገሩን ዋጠው።

ከቦርሳዋ የጋዜጣ ቁራጭ አወጣች፤ ሌስተር ዘይት በዘይት ሆኖ ሲስቅ፣ ከሥሩ የተበሳው ሞተር። በቀኝ፣ ከፊት ሦስተኛው ቧንቧ ሥር። ሃርላን ፎቶውን ከብየዳው ጋር አስተያየ፤ ትከሻውን ነቀነቀ።

«በዚህ አገር ስድስተኛው ሲሊንደር ላይ የተበሳ ሞተር ብንቆጥር እስከ ነገ አንጨርስም። ቁጥሩ ተልጓል። በምን ልመን ማቪስ?»

ሩበን ምንም ሳይል ብሎኩን በመቆሚያው ላይ ገለበጠው። አምስቱ ኮፍያዎች ወደ ፀሐይ ዞሩ።

ሃርላን መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። የፊተኛውን አየ፤ አምስት ነጥብ። ጣቱን ወደ ኋላ ወሰደ፤ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ጣቱ አንዲቷ ነጥብ ላይ ቆመ። ማቪስ የሚያውቀውን ታውቃለች፤ እሱም እንደምታውቅ ያውቃል። ዝም ብሎ ቢቀና ማንም አይጠይቀውም ነበር፤ ነገሩን የሚያስታውስ ከሁለቱ በቀር በሕይወት የለም።

ሃርላን ግን ሳይቀና መሳቅ ጀመረ። መጀመሪያ ትከሻው፣ ከዚያ ሆዱ።

«ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው!» አለ። «ሰዎች፣ እኔን የምታውቁኝ ሞተር አዋቂ ብላችሁ ነው። ሩጫው ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ ይህች ሴት አራስ ቤት እያለች፣ ሌስተር ኮፍያዎቹን አሰርልኝ ብሎ ሰጠኝ። ነጥቡን አየሁ፤ አንዱን ፊት፣ አምስቱን ኋላ አስገብቼ ጠበቅኳቸው። በሰው ጉልበት አልዞር አለ። በዱላ አዞርኩት። ክራንኩ የሚንሸራተትባቸውን አምስቱንም ብሮንዚን አበላሸሁበት። ሌስተር ሁለት ሳምንት ሙሉ ጉድጓዱ ላይ በየምሳው ‹ሃርላን፣ ዛሬ ሳንድዊችህን ከየት በኩል ነው የምትጀምረው?› እያለ አሳቀብኝ።» ሳቁ ቆመ። «በዓለም ላይ እንዲህ የተቆጠረ አንድ ሞተር ነው ያለው። ይሄ ንቧ ነው። እኔ ነኝ ምስክሩ።»

ማቪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአርባ ሰባት ዓመት በኋላ ይህን ሰውዬ ወደደችው። ጊዜው ግን የመዋደጃ አልነበረም።

«እንግዲያው ሃርላን፣ የከሰሰ ይለካል።»

«የከሰሰ ይለካል» አለ ሃርላን። እጅጌውን ሰበሰበ።

ሩበን ብሎኩን አቃናው። መለኪያውን ሃርላን እያየ በአራት ኢንች ዜሮ ላይ አስተካክሎ ሰጠው። ሃርላን የሲሊንደሮቹን አፍ አንድ በአንድ በጥፍሩ ዞረው፤ ውስጡ ካሚቻ የሚሉት የብረት እጅጌ ተጨምሮበት ጠብቦ እንደሆነ መጋጠሚያው ጥፍሩን ይይዘው ነበር። ከተበሳው ከስድስተኛው በቀር ሌላው ሁሉ ያው የጥንቱ ብረት ነው። «ስድስተኛው ካሚቻ ገብቶበታል፤ እሱን አልቆጥረውም። ሰባቱ ንጹሕ ናቸው» አለ ጮክ ብሎ። ከኪሱ መሐረቡን አወጣና አንደኛውን ጠረገ። መለኪያውን ከላይ አስገባ።

መርፌው ዞረ።

«አርባ አንድ» አለ ሃርላን።

ሜዳው ላይ ንፋስ ያለፈ መሰለ። «ይኸው!» አለ ጢማሙ። አንዱ ባርኔጣውን ዝቅ አደረገ። ማቪስ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ሌስተርን ጠላችው፤ ሹካውን ሲያስቀምጥ፣ አንቺም ሲላት፣ አሥራ አንዱን ቀን። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ አታለልከኝ አለችው በልቧ። ወደ ፒካፑ ልትሄድ አንድ እርምጃ ተራመደች።

ከዚያ የዲናሞ ጠጋኙ ልጅ ነቃች። እንደ ሚስት ሳይሆን እንደ ሠራተኛ አሰበች። ይህ ሞተር ይህን ሁሉ ዓመት አቧራ እየዋጠ ውሃ ስቧል።

«ሃርላን፣ ጣትህን ከላይ አስገባ። እርከን አለ?»

ሃርላን ጣቱን አስገባ። «አለ። ጥፍር ያስቆማል።»

«እርከን ካለ የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ በልቶታል። ፒስተኑ ሲወጣ ሲወርድ የላዩን ሞርዶታል ማለት ነው። የለካኸው የአልሞንድ አቧራ የበላውን ነው እንጂ ሌስተር ያስቆረጠውን አይደለም። ታች ውረድ። ፋሻ ደርሶ የማያውቅበት፣ ከሥሩ።»

«ልክ ነሽ» አለ ሃርላን። ቀስ ብሎ ነበር ያለው። «ይሄን እኔ ልለው ይገባኝ ነበር።»

መለኪያውን ወደ ታች ገፋው። መርፌው ወደ ኋላ ተመለሰና ቆመ። ሃርላን ዓይኑን አጠበበ። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። መለኪያውን አውጥቶ ሩበን ዜሮውን ዳግመኛ እንዲያሳየው አደረገ፤ መልሶ አስገባ። ሰው ሁሉ ጥብሱን ትቶ ከብቦታል። ማቪስ ጥርሷን ነክሳ የሰውየውን ከንፈር ታያለች።

«ሠላሳ» አለ ሃርላን። ከዚያ እንደ ወጣትነቱ፣ ሜዳው ዳር ድረስ በሚሰማ ድምፅ ደገመው። «ሠላሳ! ልቅም ያለች ሠላሳ!»

ማንም እንዲያጨበጭብ አልጠበቀም። ወደ ሁለተኛው ዞረ፤ ጠረገ፣ አስገባ። «ሠላሳ!» ሦስተኛው። «ሃያ ዘጠኝ ተኩል!» አራተኛው ላይ ሰዉ አብሮት መጮህ ጀመረ። አምስተኛው፣ ሰባተኛው። ስምንተኛው ላይ ጢማሙ ራሱ ከፊት ተጋፍቶ ገብቶ «ሠላሳ!» ሲል የጮኸው ከሃርላን ቀድሞ ነበር፤ መርፌውን እንኳ ሳያይ።

ከሰልፉ መሐል አንዱ የመኪናውን ሞተር አስነሳ። ሌላው ተከተለው። አሥራ ሦስት ያረጁ ሞተሮች በአንድ ጊዜ አገሱ፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ የሰሌዳው ግንብ መስኮቶች ተንጫጩ፣ የናይትሮው ጭስ የሰዉን ሁሉ ዓይን በእንባ ሞላ። ማቪስ አለቀሰች። ጭሱን ሰበብ አላደረገችም። ሁለት እጇን በብሎኩ ላይ ጭና፣ እንደ ልጅ ድምፅ አውጥታ፣ ደስ እያላት አለቀሰች። ባሏ ሌባ አልነበረም። ግትር፣ ኩሩ፣ አኩራፊ፣ ውሸታም እንኳ ነበር፤ ሌባ ግን አልነበረም።

ሞተሮቹ ጸጥ ሲሉ ሃርላን መሐረቡን እያጣመመ አጠገቧ ቆሞ ነበር።

«ማቪስ፣ አምስት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። ለምን አላስለካኝም?»

«ጓደኛዬ ነህ ብሎ ነዋ። ጓደኛ የጓደኛውን ኪስ አይፈትሽም ብሎ። ጅል ነበር። አንተም ጅል ነበርክ። እኔም ከሁለታችሁ አልሻልም።»

«አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽ?»

«ጠረጠርኩት» አለች ማቪስ። ሰው እየሰማ ነው፤ ይስማ ብላ ነው። «አርባ አራት ዓመት ጠርጥሬው አብሬው ተኛሁ። ዛሬ ይቅርታ ስጠይቀው አልጋው ባዶ ነው።»

ሃርላን ሲለካ የጠቆረ እጁን ዘረጋላት፤ ሳትጠርግ ጨበጠችው።

ከዚያ ቀለም ይምጣ አለ። የሰሌዳው ግንብ ላይ የየዓመቱ ፈጣን ሯጭ በመስመር በመስመር ተጽፏል፤ ከላይ እስከ ታች የሞላ ነው። የዚያን ዓመት መስመር የያዘው «ሃርላን ፒትስ» የሚል ጽሑፍ ነው። ሽማግሌው መሰላል አስይዞ፣ እየተንቀጠቀጠ ወጣ። ነጩን ቀለም ነክሮ ብሩሹን በገዛ ስሙ ላይ አነሳ።

ማቪስ የመጀመሪያው ፊደል እስኪጠፋ ዝም ብላ አየችው። ደግ ሴት ናት፤ ያን ያህል ግን ደግ አይደለችም።

«በቃ፣ ተወው» አለችው ከዚያ። «አንተም በእውነት ሮጠሃል። እሱን ከታች ጻፈው።»

«ከታች?» ሃርላን መሰላሉ ላይ ሆኖ ዞረ። «ከታች የቀረችው አንድ መስመር ናት። ከሁሉም መጨረሻ ነው የሚሆነው እኮ! ሌስተርን መጨረሻ ላይ?»

ማቪስ ሳቀች። እንደ ሃያ ሦስት ዓመቷ ሳቀች።

«አሁንም አልገባህም፣ ሃርላን? እኛ ቤት ከኋላ ነው የሚቆጠረው።»